እንቢ ያለ ፊልትሮ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የመኪና ዘይትና ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ሲቀየር አጠገቡ የቆመ ሰው ይህችን ንግግር ሳይሰማ አይሄድም። ባለመኪናው ከመኪናው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ፊልትሮዋን በደንብ አጥብቃት፤ ሐረጎ ዳገት ላይ እንዳታፈስብኝ» ይላል። ከታች ያለው ወጣት «ሐሳብ አይግባዎት ጋሼ» ብሎ፣ በእጁ ጠብቆ ያለቀውን ፊልትሮ በመፍቻ ሌላ ግማሽ ዙር ይጨምርበታል። ሁለቱም ደግ አስበው ነው። ከወራት በኋላ ግን ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይጋደምና ያላበው ፊልትሮ ንቅንቅ አልል ይለዋል። የተጨማደደው ቆርቆሮ፣ የተላጠው ጣት፣ በካቻቢቴ የተበሳው ፊልትሮ፣ ሁሉም የተጠነሰሰው በዚያች ግማሽ ዙር ነው።

ስለዚህ ስለ መፍታት ለመጻፍ ብንነሳም ደጋግመን ወደ ማሰሩ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ፊልትሮው ለምን እንደሚጣበቅ በቅርብ እንየው።

አዲስ ፊልትሮ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። ከላይ ወፍራም ክብ የብረት ሳህን አለ። መካከሉ ላይ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ያለው ትልቅ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ያልተጣራው ዘይት በትንንሾቹ ይገባል፣ በተጣጠፈው ወረቀት ያልፋል፣ በመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በሳህኑ ጠርዝ፣ ቦዩ ውስጥ ጥቁር ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ተቀምጧል። ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያደርገው ይህ ጎሚኒ ብቻ ነው። ፊሌቶው ፊልትሮውን ይይዘዋል እንጂ አያሽግም። ጎሚኒው ደግሞ የሚያሽገው በመጠኑ ተጨምቆ፣ መልሶ ለመንፋት እየታገለ በሞተሩ ፊት፣ ማለትም ፊልትሮው በሚገጥምበት ብረት ላይ ሲገፋ ነው። ከልክ በላይ ሲጨመቅ ይዘረጠጣል፣ የመንፋት ኃይሉም ይሞታል። ከዚያ በየቀኑ ሙቀት ይበስላል፣ ይደርቃል፣ ከብረቱ ጋር ሙጫ እንደተቀባ ይያያዛል። ዘይት ሳይቀባ ደረቁን የገባ ጎሚኒማ ገና ሲጠብቅ ብረቱን እየነከሰ ይጠማዘዛል። ለመፍታት የሚጠየቀው ጉልበት ለማሰር ከወጣው የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ያወቀ ሰው የዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ለመርጨት አይቸኩልም። ፊሌቶው ዓመቱን ሙሉ ዘይት ውስጥ ስለሚኖር አይዝግም። የተያዘው ጎሚኒው ነው፣ እዚያ ደግሞ የተረጨው አይደርስም። የሚያተርፈው ቆርቆሮውን አሙለጭልጮ መፍቻውን ማንሸራተት ብቻ ነው። በእሳት ማሞቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ዘይት በሞላበት ቆርቆሮ፣ የነዳጅ ቱቦ ባለፈበት ቦታ ላይ ነበልባል ይዞ መቅረብ መኪናውንም ሰውንም ማጣት ነው።

የሚጠቅመው ሙቀት የሞተሩ የራሱ ሙቀት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጦሳ ተራራ ብርድ ያደረበት መኪና ጠዋት ላይ ዘይቱ ወፍሮ፣ ጎሚኒው ደርቆ ነው የሚገኘው። አስነስቶ 5 ደቂቃ ያህል ማቆየት ዘይቱንም ቶሎ ያፈሰዋል፣ ጎሚኒውንም ያለሰልሰዋል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን አሁን ወጥቶ የመጣ መኪና ግን ሌላ ነገር ነው። ከ600 ሜትር በላይ ዳገት የወጣ ሞተር ዘይቱ ቆዳ ይገፍፋል። እንዲህ ያለው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። በአንዳንድ ሞተር ፊልትሮው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሆነ፣ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት መዳፋችሁን በቅርቡ ይዛችሁ ሙቀቱን ለኩ።

አንድ ልማድ እዚህ ላይ ይነሳ። «ፊልትሮው ገና ነው» ብሎ ዘይቱን ብቻ መቀየር በአገራችን የተለመደ ነው። ለጎሚኒው ይህ ሁለት ጊዜ መጋገር ነው። በዚያ ላይ የወገል ጤናን ወይም የመቅደላን ኮረኮንች የሚመላለስ መኪና አቧራ የሚውጥ መኪና ነው፤ የወረቀቱ እጥፋት ቶሎ ይሞላል። ወረቀቱ ሲደፈን በፊልትሮው ውስጥ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፤ ሞተሩ ዘይት አያጣም፣ ግን ቆሻሻ ዘይት ይጠጣል። ለፊልትሮ የሚቆጠበው ገንዘብ ከብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ ከሚዞርበት መቀመጫ) ላይ ነው የሚቆረጠው። እኛ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ፊልትሮ ይቀየር ባይ ነን።

ወደ መፍታቱ። ከመታገል በፊት የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ማፍሰሻ ብሎን ተፈቶ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይውረድ። ለአብዛኞቹ ቶዮታ የቤት መኪናዎች ብሎኑ በ14 ቁልፍ ይፈታል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ወዴት ነው የሚዞረው? ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ፊልትሮ የባሰ የሚጠብቀው በዚህ ስህተት ነው። ፊልትሮው የሚፈታው ከቂጡ (ከተዘጋው ጫፉ) በኩል ፊት ለፊት ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ ከቂጡ በኩል አያየውም። ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ እጁን ሰዶ፣ ቂጡ ወደ መሬት የዞረ ፊልትሮ የያዘ ሰው የሚያየው ከጀርባው ነው፤ ለእሱ የሚፈታበት አቅጣጫ በሰዓት አቆጣጠር ይሆናል። ጎኑን ተጋድሞ የሚሠራም እንዲሁ ይምታታበታል። መድኃኒቱ ጠመኔ ነው። አዲሱን ፊልትሮ በአሮጌው አንጻር፣ ቂጡን በዚያው አቅጣጫ ይዛችሁ፣ ሲፈታ የሚዞርበትን በቀስት አሮጌው ላይ ሳሉ። ከዚያ በኋላ ጉልበት ቢወጣም በትክክለኛው መንገድ ይወጣል።

መጀመሪያ የሚሞከረው እጅ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ዘይትና አቧራ በቤንዚን ነክ ነገር ሳይሆን በሳሙና ውኃና በጨርቅ ጥረጉትና አድርቁት። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራውን፣ 80 ወይም 100 ቁጥሩን፣ ሻካራ ፊቱን ወደ ፊልትሮው አድርጋችሁ ጠቅልሉና በሁለት እጅ ያዙት። የተቀደደ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ከሆነም የሦስት ጣት ስፋት ቁራጭ ቆርጣችሁ ሁለት ዙር ጠቅልሉት፤ ማንኛውም ጎሚስታ ቁራጭ አይነፍጋችሁም። ባዶ እጅ የተሸነፈለት ፊልትሮ ከመነዳሪ ሲለብስ ሲለቅ ስታዩት ትገረማላችሁ። ጉልበታችሁን በአንድ ጊዜ በድንገት አትልቀቁ፤ እየጨመራችሁ ግፉ፣ ግፊቱን ይዛችሁ ጥቂት ቆዩ። ጎሚኒ በጉሽምታ አይላቀቅም፣ ቀስ እያለ ይላጣል።

እጅ ካልበቃ መፍቻ። ከሁሉ የምንመርጠው ቆብ የሚመስለውን፣ የፊልትሮው ቂጥ ላይ ተደፍቶ ጥርሶቹ ከቆርቆሮው ጎኖች ጋር የሚገጥመውን ነው። ኃይሉን በዙሪያው እኩል ስለሚያከፋፍል ቆርቆሮውን አያጨማድድም። ግን ልኩ ልክ መሆን አለበት። ለብዙ የቶዮታ ትንንሽ ፊልትሮዎች የሚሆነው 65 ሚሊ ሜትር ሆኖ 14 ጎን ያለው ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ ቆብ ጎኖቹን ልጦ ክብ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ትክክለኛው ቆብም አይዝም። የላላ ቆብ ከያዛችሁ በውስጡ የብርጭቆ ወረቀት ጣልቃ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቀበቶ መፍቻና ሰንሰለት መፍቻ ቀጥሎ ይመጣሉ። የአሰብ ወደብ እስከ 1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በሚያገለግልበት ጊዜ የወደቡ ጭነት በባቲ ወጥቶ በኮምቦልቻ ነበር የሚያልፈው፤ ሰንሰለት መፍቻ የዚያ የከባድ መኪና ዓለም ዕቃ ነው። ዛሬም ለአይሱዙና ለሲኖትራክ ትልልቅ ፊልትሮዎች እሱን የሚያህል የለም። ለቪትዝና ለኮሮላ ግን ቀበቶው ይሻላል፤ ሰንሰለት ስሱን ቆርቆሮ ይበላዋል። የትኛውንም ብትይዙ ቦታው ላይ ተጠንቀቁ። መያዝ ያለበት ከሞተሩ አጠገብ፣ ወፍራሙ ሳህን ከውስጥ በሚደግፈው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ቆርቆሮው አይሰረጉድም፣ ኃይሉም ቀጥታ ወደ ሳህኑ ይሄዳል። ሰው ግን የሚመቸውን፣ የፊልትሮውን ወገብ ይይዛል። ወገቡ ውስጥ ወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ ይሰረጉዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ በመጨረሻም ቆርቆሮው ከሳህኑ ይላቀቃል። አንዴ ከተሰረጎደ ቆቡም አይገባለትም። ስለዚህ ቆቡን ከቀበቶው በፊት ሞክሩ።

አሁን ወደማንወደው ወደ ካቻቢቴው እንምጣ። ፊልትሮውን በካቻቢቴ ወግቶ እንደ እጀታ ማዞር በየጋራዡ የታወቀ ነው፣ አንዳንዴም ይሠራል። የምንከፋበት ግን መጨረሻ ሊሆን የሚገባው መጀመሪያ መሆኑ ነው። አንዴ የተበሳ ፊልትሮ ወደኋላ መመለስ የለውም። መኪናው ከዚያ ቦታ ሊነቃነቅ አይችልም፤ ሞተሩ ቢነሳ ዘይቱ በቀዳዳው ይተፋል። ስለዚህ ከመውጋታችሁ በፊት አዲሱ ፊልትሮ በእጃችሁ ይኑር፣ መጠኑም ከአሮጌው ጋር ተተያይቶ ይረጋገጥ፤ መዶሻና ስካርፔሎ (የብረት መሮ) አጠገባችሁ ይሁን። ሱቅ በተዘጋበት ምሽት ወይም ከከተማ ርቃችሁ መንገድ ዳር ላይ አትጀምሩት። የምትወጉበት ቦታም አለው። ለሞተሩ በጣም ከቀረባችሁ ፊልትሮው የታሰረበትን ፐርኖ ትመታላችሁ፤ ፐርኖው ወደ ፊልትሮው ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚቆመው። ፊሌቶው ከተመታ አዲሱም አይገባም። ከሳህኑ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ረዥምና ወፍራም ካቻቢቴ በአንዱ ጎን አስገብታችሁ በሌላው አስወጡ፤ በአንድ ጎን ብቻ የቀረ ካቻቢቴ ቆርቆሮውን እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ይሰነጥቀዋል። ዘይት በፊታችሁ ላይ ስለሚፈስ ከቀዳዳው ፊት ለፊት አትተኙ።

ካቻቢቴው ቆርቆሮውን ቀዶ ከሄደና ሳህኑ ብቻ ሞተሩ ላይ ከቀረ አትደናገጡ፤ እንዲያውም ሥራው ከዚህ በኋላ ይበልጥ ግልጽ ነው። የተንጠለጠለውን ቆርቆሮና ወረቀት በፒንሳ ነቅላችሁ አጽዱና ሳህኑን በባትሪ መብራት ተመልከቱት። ዙሪያውን ያሉት ትንንሽ የዘይት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገቡ ሁለት ብሎኖች አስገብታችሁ፣ በመካከላቸው ጠንካራ ዘንግ አጋድማችሁ ማዞር አንዱ መንገድ ነው። ብሎኖቹ ሳህኑን አልፈው የሞተሩን ፊት እንዳይነኩ አጠር ያሉ ይሁኑ። ሁለተኛው ስካርፔሎ ነው። ጫፉን በሳህኑ ጠርዝ ላይ በአግድሞሽ፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ አስደግፋችሁ በመዶሻ ቀለል ባለ ምት ምቱ። ሦስት አራት ምት በአንድ ጎን፣ ከዚያ በተቃራኒው ጎን። ስካርፔሎው ወደ ሞተሩ ሳይሆን ዙሪያውን ይግፋ። የሞተሩ ፊት በብዙ መኪና አልሙኒየም ነው፤ አንዲት ጭረት ከጎሚኒው ሥር ካለፈች ለዘለቄታው የምታልብ ሞተር ትተርፋችኋለች። የመጀመሪያዋን የፀጉር ስፋት እንቅስቃሴ ካገኛችሁ ጎሚኒው ለቋል ማለት ነው፣ ቀሪው በእጅ ይወጣል።

ፐርኖው ከፊልትሮው ጋር ተነቅሎ የሚመጣበት ጊዜም አለ። አሮጌውን ፊልትሮ ከመጣላችሁ በፊት መካከሉን እዩ። ፐርኖው እዚያ ካለ፣ ሁለት ልካቸው የሆኑ ዳዶዎች ፊሌቶው ላይ እርስ በርስ አጣብቃችሁ በቁልፍ አውጡት። ፊሌቶው ካልተጎዳ ተጠርጎ፣ የፊሌቶ ማጣበቂያ ተቀብቶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ከተጎዳ ይቀየር።

ሁሉም መኪና ግን ቆርቆሮ ፊልትሮ የለውም። 2ዜድአር የሚባለው ሞተር ያላቸው ብዙ አዳዲስ ኮሮላዎች የወረቀት ፊልትሮ በክዳን ውስጥ ነው የሚይዙት። እዚህ ክዳኑ ተመልሶ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ መውጋትም፣ ሰንሰለትም የለም፤ የራሱ ቆብ መፍቻ ብቻ። ክዳኑ የሚጠብቀው በ25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፣ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው ሲሰነጠቅ ያየዋል። የክዳኑ ክብ ጎሚኒም ከአዲሱ ፊልትሮ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ይቀየር።

ፊልትሮው ወጣ። ሁሉም ሰው እፎይ የሚልበት፣ እኛ ግን ከሁሉ በላይ የምንፈራው ደቂቃ ይህ ነው። አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጡና ጎሚኒው ቦዩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ የት ነው? ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። በተለይ አስቸጋሪ ሆኖ የወጣ ፊልትሮ ጎሚኒውን ትቶ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም ሲያስቸግር የነበረው ራሱ ጎሚኒው ነው። የበሰለ ጎሚኒ ጥቁር፣ ዘይት የለበሰ፣ ከብረቱ ጋር የተስተካከለ ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ በጣት ጫፍ ዙሪያውን ዳብሱት። አዲሱ ፊልትሮ በአሮጌው ጎሚኒ ላይ ከታሰረ፣ በእጅ ሲጠብቅ ጥሩ ይመስላል፣ ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ላያፈስም ይችላል። ነገር ግን ጎማ በጎማ ላይ ይንሸራተታል። ዘይቱ ከፓምፑ በ3፣ በ4 ባር ግፊት ሲመጣ አንዱ ጎሚኒ ከቦታው ይፈናጠራል፣ መላው ዘይትም በአንድ ሁለት ደቂቃ መሬት ላይ ያልቃል። ይህ በገራዶ ቁልቁለት መካከል ከሆነ ሹፌሩ ቀዩን የዘይት መብራት ሲያይ ሞተሩን በቶሎ ካላጠፋ ብሮንዚኑ ይነክሳል። «ፊልትሮው ላላ» ተብሎ የሚወራው አደጋ ብዙ ጊዜ መላላት አይደለም፣ ይኸው ሁለት ጎሚኒ ነው። በዚህ ፍርሃት ደግሞ የሚቀጥለው ሰው ይበልጥ ያጠብቃል።

የሞተሩን ፊት ክር በማይተው ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። በአዲሱ ጎሚኒ ላይ አዲስ ዘይት በጣት ቀቡ፤ ግራሶ አይደለም፣ ዘይት። አፉ ወደ ላይ ሆኖ የሚታሰር ከሆነ ግማሽ ድረስ ዘይት ሙሉበት፤ ሲኖትራክ ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ፊልትሮዎች እንዲህ ሊሞሉ ይገባል፣ አለዚያ ሞተሩ ሲነሳ ለረዥም ሴኮንዶች ደረቁን ይዞራል። በእጅ አስገቡ፣ ፊሌቶው በትክክል መያዙን እየሰማችሁ። የቶዮታ ፊልትሮ ፊሌቶ አብዛኛውን ጊዜ ከኒሳንና ከሀዩንዳይ ይለያል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ከከበዱ ልኩ አይደለምና አስገድዳችሁ አታስገቡት። ጎሚኒው ፊቱን ሲነካ ትንሽ ክብደት ይሰማል። እዚያ ቁሙና በቂጡ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያች ነጥብ ሦስት አራተኛ ዙር፣ የሰዓት ረዥሙ ዘንግ በ45 ደቂቃ የሚሄደውን ያህል አዙሩ። በቃ። ለቶዮታ ትንንሽ ፊልትሮዎች ይህ ወደ 18 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ ጤነኛ ሰው በደረቅ እጁ የሚደርስበት ነው። እጅ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ከሆነ መፍቻ ይግባ፣ ግን ዙሩ ያው ነው።

የማፍሰሻውን ብሎን በአዲስ ራንዴላ መልሱ። ዘይቱ 1ኤንዜድ ሞተር ላላቸው ቪትዝና ኮሮላ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው፣ 2ዜድአር ለሚይዙት 4.2። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ያህል አስቀርታችሁ ሙሉ። አስነሱ፤ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፣ ካልጠፋ አጥፉ። ከጠፋ አንድ ሰው ጋዝ ሳይነካ ሞተሩን ያቆየው፣ ሌላው ከታች በባትሪ የፊልትሮውን ዙሪያ ይይ። አጥፍታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ በመለኪያው ዘንግ እያያችሁ ቀሪውን ጨምሩ። ባለመኪናውንም ጠርታችሁ ደረቁን ፊልትሮ በዓይኑ አሳዩት፤ «አጥብቃት» የሚለው ጭንቀቱ በመፍቻ ሳይሆን በዚህ ነው የሚረግበው።

አሮጌው ፊልትሮ በውስጡ ገና ዘይት አለው። በጀሪካን አፍ ላይ ደፍታችሁ አሳድሩት። የተቃጠለውን ዘይት የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ወደ ቦይ ግን አይደፋ። የደሴ ቦይ ቦርከና ይገባል፣ ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻን አልፎ ማሳ የሚያጠጣ ውኃ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት በአዲሱ ፊልትሮ ቂጥ ላይ በማይለቅ ማርከር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ከሥሩም «በእጅ የታሰረ» ብላችሁ ጻፉ። የሚቀጥለው ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቀና ሲል ይህን አንብቦ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት እጁን ይዘረጋል።